የሠራተኛ ጠባይ በአይሮፕላን ጥገና ሥራ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በለቡ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ በዚህ በለቡ አዳራሽ ተሰብስበን ስንገኝ፣ ከመካከላችን ብዙዎቹ ከቤታቸው በእግራቸው እንደ መጡ አውቃለሁ። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የዚሁ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ማለዳ ከቤቴ ስወጣ የሌሊቱን ፈረቃ ጨርሰው ከቦሌ የሚመለሱ ወጣት ቴክኒሺያኖች ከሰርቪስ መኪና ሲወርዱ አገኛቸዋለሁ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ በጥፍራቸው ሥር ሳሙና ያላስለቀቀው ቅባት ይታያል። «ደኅና አደራችሁ ወይ?» ብዬ ስጠይቃቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው በትሕትና እጅ ነሥተው ያልፋሉ። በዚያው ሰዓት አንድ አይሮፕላን ከቦሌ ተነሥቶ በሰማዩ ላይ ይታያል። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ሌሊቱን ሲፈታውና ሲገጥመው ያደረው ይሆናል። በውስጡ የተሳፈሩት መንገደኞች ግን የልጁን ስም አያውቁም፤ ፊቱንም አላዩም፤ ጠባዩንማ ከየት ያውቁታል?

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ይኸው መንገደኛው የማያውቀው ነገር፣ ማለትም የጥገና ሠራተኛው ጠባይ ነው። ጠባይ ለበረራ ደኅንነትና ለሥራ ውጤት ምን ይጠቅማል? ምንስ ይጎዳል? ብዙ ሰው መልሱ ቀላል ይመስለዋል፤ መልካም ጠባይ ያለውን ቅጠር፣ መጥፎውን አሰናብት፣ ነገሩም አለቀ ይላል። እኔ ግን በሙያው ካየሁትና ካነበብሁት የተረዳሁት ሌላ ነው። አይሮፕላን ለአደጋ የሚጋለጠው በሰነፍና በቸልተኛ ሰው እጅ ብቻ አይደለም፤ የምናመሰግነውና የምንሸልመው ጠባይም የሚያየው ሰው ሲያጣ አይሮፕላን ያወድቃል። ንግግሬ ይህን ለማስረዳት ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ሙያው በአገራችን እንዴት እንደ ተጀመረ ጥቂት ላስታውስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ነው። አይሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ፣ ሲ-47 የተባሉ ባለሁለት ሞተሮች ነበሩ። ሥራውን በውል የያዘው የአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ ኩባንያ ስለ ነበር፣ በልደታ ሜዳ ሞተር የሚፈቱትና የሚገጥሙትም በመጀመሪያ የውጭ አገር ባለሙያዎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ ሙያውን የቀሰሙት ከእነርሱ ጎን ቆመው፣ መፍቻ አቀብለው፣ አይተውና ጠይቀው ነው። በ1955 ዓ.ም. የጄት አገልግሎት ሲጀመር ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ አመራሩም ጥገናውም በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። ዛሬ በቦሌ ያለው የጥገና ማዕከል ለራሳችን አይሮፕላኖች ብቻ ሳይሆን ለሌሎች አየር መንገዶችም ይሠራል፤ የአቪዬሽን ማሠልጠኛውም ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ወጣቶችን ያስተምራል።

ይህን ያነሣሁት ለመመካት አይደለም። ሙያው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፣ ከጋሼ ወደ ልጅ የተላለፈ በመሆኑ፣ ከዕውቀቱ ጋር አክብሮቱም አብሮ እንደ ተላለፈ ለማሳሰብ ነው። አክብሮቱም ወደ ኋላ እንደምናየው ሁለት ፊት አለው።

በአማርኛችን «ጠባይ ያለው ሠራተኛ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ የማይሳደብ፣ የማይጣላ፣ አለቃውን የሚያከብር ማለታችን ነው። በሥነ ልቡና ትምህርት ግን ቃሉ ከዚህ ይሰፋል፤ አንድ ሰው በልዩ ልዩ ሁኔታ ውስጥ ደጋግሞ የሚያሳየው የአስተሳሰብ፣ የስሜትና የአድራጎት አቅጣጫ ጠባይ ይባላል። ይህ ጠባይ ከአደጋ ጋር ያለው ግንኙነት መጠናት ከጀመረ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1919 ግሪንዉድና ዉድስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩትን ሴቶች የአደጋ መዝገብ መርምረው፣ አደጋው በሠራተኞቹ መካከል በእኩል እንዳልተከፋፈለና ጥቂቶቹ ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግመው እንደሚጎዱ አመለከቱ። ከዚያ ወዲህ «አደጋ የሚወደው ሰው አለ» የሚለው አስተሳሰብ ለብዙ ዓመታት ነገሠ። አሠሪዎችም ወደዱት፤ ጥፋቱ በሰውየው ላይ ከተላከከ መሰላሉን መጠገን፣ መብራቱን መጨመር፣ የዕረፍቱን ሰዓት ማስተካከል አያስፈልግምና።

ዛሬ በብዙ ተመራማሪዎች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው የጠባይ አከፋፈልም ከአቪዬሽን የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ቱፕስና ክሪስታል የተባሉ ተመራማሪዎች ለአሜሪካ አየር ኃይል ባቀረቡት ጥናት፣ ሰዎች ስለ ባልንጀሮቻቸው የሚሰጡት አስተያየት በአምስት ዐበይት ክፍሎች እንደሚጠቃለል አሳዩ። እነዚህም በጊዜያችን አጠራር ጥንቁቅነት፣ ተስማሚነት፣ ተግባቢነት፣ የስሜት እርጋታና ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ባሪክና ማውንት የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ከአምስቱ ውስጥ በመረመሯቸው የሥራ ዓይነቶች ሁሉ ከመልካም የሥራ ውጤት ጋር ተያይዞ ያገኙት ጥንቁቅነትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ክላርክና ሮበርትሰን በተመሳሳይ መንገድ የአደጋን ነገር መርምረው፣ ጥንቁቅነትና ተስማሚነት የሚጎድላቸው ሰዎች ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አመለከቱ። ይሁን እንጂ ግንኙነቱ ቢኖርም መጠኑ ልከኛ ነው። ጠባይ ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱ እንጂ ዕጣ ፈንታ አይደለም።

አሁን አምስቱን ክፍሎች ከመጽሐፍ አውጥተን ወደ ሃንጋሩ እናምጣቸው። ጥንቁቁ ሰው የጥገና መመሪያውን ገልጦ ያነባል፤ መፍቻውን ቆጥሮ ወስዶ ቆጥሮ ይመልሳል። ነገር ግን «የጀመርሁትን ሳልጨርስ አልሄድም» ብሎ ድካሙን የሚደብቅም እርሱ ነው። ተስማሚው ሰው የባልንጀራውን ሸክም ያቃልላል፤ ሆኖም «እምቢ» ማለት ይቸግረዋል። ተግባቢው ሰው ፈረቃውን ሲያስረክብ ምንም አይደብቅም፤ ነገር ግን ጨዋታው የሌላውን ሥራ ያቋርጣል፤ ተቋርጦ የተጀመረ ሥራ ላይም አንድ ብሎን ሳይጠብቅ ሊቀር ይችላል። የረጋው ሰው አይሮፕላኑ ሊነሣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አይደናገጥም፤ እርጋታው ግን ወደ ቸልታ የሚያዘነብልበት ጊዜ አለ። ለአዲስ ነገር ክፍት የሆነው ሰው አዲሱን መሣሪያ ከሁሉ ቀድሞ ይማራል፤ አቋራጭ መንገድ የሚፈጥረውም እርሱ ነው። እንግዲህ የእያንዳንዱ ጠባይ ጥቅምና ጉዳት እንደ ሁለት የሳንቲም ገጽ አብሮ ይኖራል። በዓለም የአቪዬሽን ታሪክ ከተመዘገቡት ሦስቱን ብቻ አንሥቼ ላስረዳ።

የመጀመሪያው የትጉሁ ሰው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1990 የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቢኤሲ 1-11 አይሮፕላን 81 መንገደኞችንና 6 የበረራ ሠራተኞችን ይዞ ከእንግሊዝ ከተማ ከበርሚንግሃም ወደ ስፔን ከተማ ወደ ማላጋ ተነሣ። ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲደርስ በካፒቴኑ በኩል ያለው የፊት መስተዋት ተስፈንጥሮ ወጣ፤ የአየሩም ኃይል ካፒቴኑን እስከ ወገቡ ድረስ ወደ ውጭ ጎተተው። ባልደረቦቹ እግሩን አንቀው ያዙት፤ ረዳት አብራሪውም አይሮፕላኑን በሳውዝሃምፕተን አሳረፈው። ካፒቴኑ ቆስሎ ተረፈ፤ የሞተም ሰው አልነበረም።

መስተዋቱ ከበረራው 27 ሰዓት ቀደም ብሎ ተለውጦ ነበር። ምርመራው ሲካሄድ ከ90ዎቹ ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ መጠን ቀጥነው፣ የቀሩት 6ቱ ደግሞ አጥረው ተገኙ። ይህን የገጠመው ሰው የሌሊቱ ፈረቃ ኃላፊ ራሱ ነበር። በዚያ ሌሊት የሰው ኃይል ስላነሰው፣ ሥራው እንዳይጓደል ብሎ በገዛ እጁ ሠራው። የፈታቸውን አሮጌ ብሎኖች ይዞ ወደ ዕቃ ቤት ሄደ። ልምድ ያለው የዕቃ ቤቱ ሠራተኛ ለዚያ መስተዋት የሚያስፈልገው ሌላ ቁጥር መሆኑን ነገረው። ኃላፊው ግን አሮጌዎቹ እስካሁን ይዘው ቆይተዋልና እነርሱኑ የሚመስል ይሻላል አለ። እዚያ በቂ ስላላገኘ፣ ብርሃኑ ደካማ በሆነ ሌላ የዕቃ መደርደሪያ ዘንድ ሄዶ በዓይኑ እያመሳሰለ መረጠ። የመለዋወጫ ዝርዝር መጽሐፉን አልገለጠም። ሥራው በሁለተኛ ሰው እንዲመረመር ደንቡ አያስገድድም ነበርና የሠራውን ያየለት አልነበረም።

ይህ ሰው ሥራ ወዳድ፣ በሙያው የተከበረ ነበር። በዚያ ሌሊት ትጋት አልጎደለውም፤ ትጋቱን «እስቲ ቆይ» የሚለው ሰው ነው የጎደለው። የዕቃ ቤቱ ሠራተኛም እውነቱን ያውቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ ተናገረ፤ አለቃው ሌላ ሲወስን ግን ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሁለተኛው የተስማሚው ሰው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1991 የኮንቲኔንታል ኤክስፕረስ ኤምብራየር 120 አይሮፕላን በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት፣ በኢግል ሌክ አጠገብ አየር ላይ ተሰባብሮ ወደቀ፤ የተሳፈሩት 14 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ሌሊቱን በጅራቱ አግድም ክንፍ የፊት ጠርዝ ላይ ያለውን የበረዶ መከላከያ ላስቲክ የመለወጥ ሥራ ተጀምሮ ነበር። የምሽቱ ፈረቃ ኢንስፔክተር፣ መፍታት የእርሱ ሥራ ባይሆንም፣ ሜካኒኮቹን ልርዳ ብሎ ወጥቶ በላይ በኩል ያሉትን ብሎኖች ፈታ። የሌሊቱ ፈረቃ ሲገባ በቀኝ በኩል ያለው ላስቲክ ተለወጠ፤ የግራው ለሌላ ቀን ተላለፈ። በግራ በኩል የተፈቱ ብሎኖች መኖራቸው ግን በሥራ ካርዱ አልተጻፈም፤ ለገቢዎቹም በሚገባ አልተነገረም። አይሮፕላኑ 47 ብሎኖች ጎድለውት በነጋታው በረረ። ኢንስፔክተሩ ለመርዳት እጁን ሲዘረጋ ከኢንስፔክተርነት ወጥቶ ሜካኒክ ሆነ፤ ሥራውን ከውጭ ሆኖ የሚያይለትም ዓይን በዚያው ጠፋ።

ሦስተኛው የብልኁ ሰው ነገር ነው፤ የሥራ ውጤት የሚባለውም ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። ዲሲ-10 የተባለውን አይሮፕላን የሠራው ፋብሪካ ሞተሩ ከክንፍ ሲወርድ አስቀድሞ ሞተሩ፣ ቀጥሎ የሞተሩ ተሸካሚ እንዲፈታ መክሮ ነበር። በአሜሪካን አየር መንገድ የጥገና ቤት ግን ሁለቱን እንደ ተያያዙ በፎርክሊፍት ደግፎ ማውረድ የሚል አዲስ ዘዴ ተገኘ። በዚህም ለእያንዳንዱ አይሮፕላን 200 ያህል የሰው ሰዓት ተቆጠበ። ማንኛውም አለቃ የሚደሰትበት ውጤት ነው። ይሁን እንጂ ፎርክሊፍት እንዲህ ላለው ረቂቅ ሥራ የሚሆን መሣሪያ አልነበረምና ተሸካሚው ውስጥ ለውስጥ ተሰነጠቀ። እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1979 በቺካጎ አንድ አይሮፕላን ሲነሣ የግራ ሞተሩ ተገንጥሎ ወደቀ፤ በአይሮፕላኑ ውስጥ የነበሩ 271 ሰዎችና በምድር ላይ የነበሩ 2 ሰዎች ሞቱ። የተቆጠበው ሰዓት በሰው ነፍስ ተከፈለ።

ስለ ሌሎች አገሮች ስናገር የእኛን ቤት የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። «ማን ይናገር የነበረ» እንዲሉ፣ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። በወጣትነቴ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የጥገና ቤት ስሠራ፣ አንድ ሽማግሌ አለቃ ነበሩኝ። ሞተር ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ልጄ ይሉኛል፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። አንድ ሌሊት የሞተር የዘይት መስመር ፈትተው ገጠሙ። ሥራው ሁለት ፊርማ የሚጠይቅ ነበር፤ አንደኛው የሠሪው፣ ሁለተኛው የመርማሪው። በዚያ ሌሊት መርማሪው እኔ ነበርሁ። ስደርስ ሽፋኑ ተዘግቷል። «ጋሼ፣ ይክፈቱልኝና ልየው» ማለት ይገባኝ ነበር። አፌ ግን እምቢ አለኝ፤ እርሳቸውን መጠርጠር፣ እርሳቸውን መድፈር መሰለኝ። ሳላይ ፈረምሁ።

ሲነጋ ሞተሩ በመሬት ላይ ሲሞከር ዘይት እንደ ውኃ ወረደ። መስመሩ ሲፈታ ዘይቱን የሚያግደው ኦሪንግ በቦታው የለም፤ አዲሱ ኦሪንግ ከነከረጢቱ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ተገኘ። አይሮፕላኑ አልተነሣምና ማንም አልተጎዳም። ጋሼ ግን ወደ ዳር ወስደው የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ልጄ፣ ብትጠይቀኝ ኖሮ አክብረኸኝ ነበር። ዝም ስትል ብቻዬን ተውኸኝ» አሉኝ። ከዚያም የሁለታችንን ጥፋት በገዛ እጃቸው ጽፈው ለበላይ አቀረቡ። ከሁለታችንም ደመወዝ ተቆረጠ፤ እርሳቸውም ይጠብቁት የነበረው ዕድገት ቀረባቸው። እኔን ያሳዘነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዚያ ቤት በቆየሁባቸው ዓመታት ስሕተቱን በፈቃዱ ወጥቶ የተናገረ ሌላ ሰው አላየሁም። ሰዎቹ መሳሳታቸውን ትተው አልነበረም፤ መናገራቸውን ነው የተዉት።

ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1983 ከማያሚ የተነሣ የኢስተርን አየር መንገድ ባለሦስት ሞተር አይሮፕላን ስለ ደረሰበት ነገር ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። በሦስቱም ሞተሮች ላይ ኦሪንግ ሳይገባ ቀርቶ ዘይታቸው አልቆ፣ ሞተሮቹ በባሕር ላይ ተራ በተራ ጠፉ። አንዱን ሞተር እንደ ገና ማስነሣት በመቻሉ 172ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች በሕይወት ተመለሱ። በእነርሱ ቤት ኦሪንጉ እንደ ወትሮው አስቀድሞ የተገጠመ መስሏቸው ሳያዩ ፈርመው ነበር። በእኔ ቤት ይሉኝታ ነበር። ፊርማው ግን አንድ ዓይነት ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣ ይሉኝታ የሕዝባችን ውብ ጠባይ ነው። ሽማግሌ የሚከበረው፣ እንግዳ የሚስተናገደው፣ ጎረቤት የሚታገሠው በይሉኝታ ነው። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ብለዋል፤ ለጎረቤት ጠብና ለቤተ ዘመድ ክርክር ምክሩ ደግ ነው። በሃንጋር ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ስለዚህ ወጣቱን «ይሉኝታህን ጣል» ብንለው አይሰማንም፤ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነውና። የሚሻለው ጥያቄን የአክብሮት ምልክት ማድረግ ነው። ይህንንም ሊያደርገው የሚችለው ታላቁ እንጂ ታናሹ አይደለም። አለቃው ሥራውን ጨርሶ ሽፋኑን ሳይዘጋ «ና፣ እየው፤ የሳትሁትን ንገረኝ» ቢል፣ ልጁ የመጠየቅ ድፍረት አያስፈልገውም፤ መታዘዝ ይበቃዋል። እንዲህ ሲሆን አክብሮታችን ራሱ ለደኅንነት ይሠራል።

ይሉኝታ ከሃንጋሩ በር ውጭም ይከተለናል። ከእንግዶቻችን መካከል የሰፈራችን የዕድር ዳኞች ስላሉ ይህን ለእነርሱ እናገራለሁ። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ የሚተኛው በቀን ነው። ቀን ደግሞ በለቡ አጠገቡ ቤት ይሠራል፣ ብረት ይቆረጣል፣ የሠርግ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል። ለቅሶ የደረሰ እንደ ሆነም ልጁ ድንኳን ሲተክል፣ ወንበር ሲያመላልስ ውሎ ማታ ወደ ሥራው ይሄዳል። ለዳኛው «መተኛት አለብኝ» አይልም፤ ምን ይሉኛል ብሎ። ለአለቃውም «ደክሞኛል» አይልም፤ እዚያም ምን ይሉኛል ብሎ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በደከመ ዓይኑ ብሎን ሲመርጥ፣ የድንኳኑ ድካምና የሃንጋሩ ሥራ በአንድ እጅ ላይ ይገናኛሉ። የሌሊት ሠራተኛውን በዚያ ቀን ከድንኳን ሥራ ነፃ አድርጎ ተራውን በዕረፍት ቀኑ እንዲከፍል መፍቀድ ለአንድ ዕድር ከባድ አይመስለኝም። መንገደኛውም ቢያውቅ ኖሮ ይለምናችሁ ነበር።

አሁን ወደ ሥራ ውጤት ልመለስ። ብዙ ሰው ደኅንነትና የሥራ ፍጥነት በሚዛን ላይ እንዳሉ ሁለት ዕቃዎች፣ አንዱ ሲከብድ ሌላው የሚቀል ይመስለዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ግን ከብዙ የሒሳብ መዝገብ ይበልጥ ትክክል ነው። ያ ኦሪንግ በጊዜው ቢታይ ሽፋን ከፍቶ ለመዝጋት ጥቂት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ባለመታየቱ ሞተሩ ታጠበ፣ መስመሩ እንደ ገና ተፈታ፣ አይሮፕላኑ ውሎ አደረ፣ መንገደኞቹም ተጉላሉ። አንድ አለቃ በወሩ መጨረሻ ማን ቶሎ እንደ ጨረሰ ብቻ ቆጥሮ ሲሸልም፣ ችኩሉን ጠባይ እያሳደገ፣ ጠንቃቃውን እያሳፈረ መሆኑን ማወቅ አለበት። የተመለሰ ሥራ አብሮ ካልተቆጠረ ፍጥነቱ አልተለካም። ስለዚህ ስለ ሠራተኛው ጠባይ ስንናገር የአለቃውን ጠባይ ልንዘልለው አንችልም። ሠራተኛው የሚናገረው ወይም የሚደብቀው የአለቃውን ፊት አይቶ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አዲስ ነገር ፈጥሬ አላመጣሁም። በካናዳ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበሩት ጎርደን ዱፖንት እ.ኤ.አ. በ1993 ባዘጋጁት ዝርዝር የጥገና ሠራተኛን ወደ ስሕተት የሚመሩ አሥራ ሁለት ምክንያቶችን ለይተዋል። ድካም፣ ጥድፊያ፣ የሐሳብ መበታተን፣ የመግባባት ጉድለትና ደፍሮ ያለመናገር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ዝርዝሩ በብዙ አገሮች የጥገና ቤቶች ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብም የጥገና ሠራተኞች ሥልጠና የሰውን ተፈጥሮና የችሎታውን ወሰን የሚመለከት ትምህርት እንዲጨምር ያዛል። በግድግዳ የተለጠፈው በሥራ ላይ እንዲውል ግን አራት ነገሮችን ላሳስብ።

አንደኛ፣ የጠባይ መመዘኛ ፈተና ሰውን ለማወቅ ይርዳን እንጂ ለመፍረድ አይሁን። ዝምተኛውን ልጅ ስለ ዝምታው አንጣለው፤ ከሚጠይቅ ባልንጀራ ጋር አጣምረን እናሠራው። ፈጣኑን ከጠንቃቃው፣ አዲሱን ከነባሩ ጋር ማጣመር ወጪ የሌለው ጥበብ ነው። ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ፊርማ እውነተኛ ይሁን። የፈረመው ሰው በዓይኑ ያየውን፣ በእጁ የዳሰሰውን ብቻ ይፈርም፤ ሥራውን የረዳ ሰውም የዚያው ሥራ መርማሪ አይሁን። ሦስተኛ፣ የፈረቃ ርክክብ በአፍም በጽሑፍም፣ ከተቻለ አይሮፕላኑ አጠገብ ቆሞ ይደረግ፤ የተፈታው ሁሉ ከመፈታቱ ጋር ይጻፍ። አራተኛ፣ በቅንነት ተሳስቶ ወጥቶ የተናገረ ሰው አይቀጣ። እያወቀ ደንብ የሚጥስ ሰው ሌላ ነገር ነው፤ ለእርሱ ቅጣት ይገባዋል። ሁለቱን አለመለየት ግን የጋሼን ዕድል ለሁሉ ማደል ነው።

ይህ ነገር የአይሮፕላን ጠጋኞች ብቻ አይደለም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻ ጣቢያው በዚሁ በለቡ ነው። የፍሬኑን ሁኔታ መርምሮ የሚፈርመው ሰውም እንደ እኛው ይሉኝታ ያለው፣ እንቅልፍ የሚያምረው፣ አለቃውን የሚያከብር ሰው ነው። ለሆስፒታል ነርስም፣ ለከባድ መኪና መካኒክም የተናገርሁት ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ንግግሬን ለማጠቃለል፣ እስካሁን በማለዳ የማገኛቸውን ልጆች «ደኅና አደራችሁ ወይ?» ብቻ እያልሁ ኖሬአለሁ። ከእንግዲህ ግን «ዛሬ ሌሊት ማንን ጠየቃችሁ? ማንስ ጠየቃችሁ?» ልላቸው አስቤአለሁ። እናንተም በየሥራ ቦታችሁ ከእናንተ በታች ላለው ሰው ይህንኑ ጥያቄ እንድታቀርቡ በትሕትና እለምናለሁ። ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። የዚያን ሌሊት ፊርማዬ ግን ከእኔ ጋር ስለሚኖር፣ ከእናንተ ማንም እንዲህ ያለ ፊርማ ይዞ ጡረታ እንዳይወጣ ምኞቴ ነው።